ቁመት በምርጫ፦ የኦንላይን ጌም ገጸ ባሕርያት አካል

በኢንተርኔት ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ገብተው በሚጫወቷቸው የሚና ጌሞች ውስጥ የተጫዋቹ የመጀመሪያ ሥራ ገጸ ባሕርይ መፍጠር ነው። ስም ያወጣለታል፣ ዘርና ሙያ ይመርጥለታል፣ ፊቱንና ፀጉሩን ያስተካክላል። ከዚያ ቁመቱ ምን ያህል እንደሚሆን፣ ሰውነቱም ቀጭን፣ ጡንቻማ ወይም ወፍራም መሆኑን ይወስናል። ይህን የሚወስነው በስክሪኑ ላይ ያለችውን ምልክት በአንድ መስመር ላይ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ በመግፋት ነው፤ ደቂቃ አይፈጅም። ጌም ሠሪዎችን ግን ይህች መስመር ከሃያ ዓመት በላይ አከራክራለች። ቁመት ለዓይን ብቻ የቀረበ ነገር ነው ወይስ በጨዋታው ሕግ ውስጥ የሚቆጠር? እያንዳንዱ ጌም ለዚህ የራሱን መልስ መስጠት ነበረበት።

ጥያቄው በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ላደገ ወጣት እንግዳ አይደለም። በጭሮም ሆነ በቀድሞው የጅቡቲ ባቡር መስመር ላይ በምትገኘው አሰቦት፣ ፕሌይስቴሽን ላይ ኳስ የተጫወተ ሁሉ ቁመት ምን እንደሚሠራ ያውቃል። የማዕዘን ምት ሲገኝ ኳሷ የምትሻገረው ወደ ረጅሙ ተከላካይ ነው፤ በቴስታ የሚያገባው እሱ ነው። አጭሩ የክንፍ ተጫዋች ደግሞ ቶሎ ይዞራል፣ ከቆመበት ተፈትልኮ ይወጣል። ለዓመታት ፊፋ ተብሎ የኖረውና ከ2023 ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ የተባለው ጌም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቀድሞ ፕሮ ክለብስ ይባል የነበረ፣ አሁን ክለብስ የሚባል የኦንላይን ክፍል አለው። በዚያ ክፍል እያንዳንዱ ሰው አንድ ኳስ ተጫዋች ፈጥሮ ከሌሎች ሰዎች ጋር ቡድን ይሠራል። የፈጠረውን ተጫዋች ሲያስረዝመው ጉልበቱ ይጨምራል፤ ፍጥነት ማንሻውና ሚዛኑ ይቀንሳሉ። ሲያሳጥረው ደግሞ የተገላቢጦሽ ይሆናል። ኤንቢኤ ቱኬ የተባለው የቅርጫት ኳስ ጌም ከቁመትና ከክብደት አልፎ የክንድ ርዝመት እንኳ ያስመርጣል። በስፖርት ጌሞች አካል ዋጋ እንዳለው ማንም አይጠራጠርም፤ የሚገኘውም የሚታጣውም ስክሪኑ ላይ በቁጥር ይታያል። የጀግናና የአውሬ ታሪክ ባላቸው የሚና ጌሞች ግን ነገሩ እንዲህ ግልጽ አልነበረም።

የእነዚህ ጌሞች አባት በ1974 የወጣው፣ በወረቀትና በዛር የሚጫወቱት ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። በዚያ ጨዋታ ውስጥ የድንክ ዘሮች ከሰው ጋር አብረው ይዘምታሉ፤ አካላቸውም በሕግ ተለክቷል። በ2000 የወጣው ሦስተኛው ዕትም ለትንሽ አካል በመከላከልም በማጥቃትም አንድ አንድ ነጥብ ይጨምር፣ መደበቅም ያቀልለት ነበር፤ በምትኩ ትንሹ ሰው ትልቅ መሣሪያ መያዝ አይችልም። ሐሳቡ ከሕይወት የተወሰደ ነው፤ ትንሽን ነገር መምታት ይከብዳል። በወረቀት ላይ ይህን ማስላት ቀላል ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ግን አካሉ ሊያልፍበት የሚገባ በር አለ፣ ጣሪያ አለ፣ ዋሻ አለ።

ይህን ከሁሉ ቀድመው በሰፊው ያዩት የኤቨርክዌስት ተጫዋቾች ናቸው። በመጋቢት 1999 የተከፈተው ይህ ጌም ኦገርና ትሮል የሚባሉ ግዙፍ ዘሮች ነበሩት። ኦገር ከፊት ለፊት ሲመታ የማይደነዝዝ ብርቱ ተዋጊ በመሆኑ ብዙዎች ይመርጡት ነበር። ችግሩ የሚመጣው ጓደኞቹ ወደ ጠባብ ዋሻ ሲገቡ ነው። በሩ የተሠራው ለሰው ልክ ስለሆነ ኦገሩ ደጅ ይቀራል፤ ወይም ግማሽ አካሉ ገብቶ ትከሻው ከበሩ ጉበን ጋር ይጣበቃል። ሻማን የሚባለው የሙያ ክፍል አካልን የሚያሳንስ አስማት ነበረው። መጀመሪያ ትንሽ ነገር የሚመስለው ይህ አስማት ለትልልቆቹ ዘሮች የግድ አስፈላጊ ሆነ፤ ከዘመቻ በፊት አሳናሽ ፍለጋ መዞር የጨዋታው ወግ ሆኖ ቀረ። ማንም ሳያቅደው ከቁመት ልዩነት ብቻ በተጫዋቾች መካከል መፈላለግና መተጋገዝ ተፈጠረ። ኤቨርክዌስትን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም በፍቅር ከሚያነሷቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

በ2004 ሁለት ጌሞች ተከታትለው ወጡና ሁለት ተቃራኒ መንገድ ያዙ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ቁመትን ለተጫዋቹ ምርጫ አልተወም፤ የእያንዳንዱ ዘር ልክ አስቀድሞ ተወስኗል። ኖም ከሁሉ አጭር ነው፣ በሬ መሳዩ ታውረን ከሁሉ ግዙፍ። ታውረን ሰውነቱ ሰፊ በመሆኑ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሌሎች ራቅ ብሎ መምታት ይችል ነበር። በሰውና በሰው መካከል በሚደረግ ፍልሚያ ላይ ልዩነቱ ስለተሰማ ተጫዋቾች ዘር ሲመርጡ ይህንንም ያሰሉ ነበር። ሲቲ ኦፍ ሂሮስ የተባለው ሌላው ጌም ግን የልዕለ ጀግና ዓለም ስለሆነ ቁመትን ሙሉ በሙሉ ለቀቀው። ወንድ፣ ሴት ወይም ግዙፍ ከሚሉ ሦስት አካላት አንዱን የመረጠ ሰው ከአራት እስከ ስምንት ጫማ ድረስ የፈለገውን ቁመት ይሰጠዋል፤ በጡንቻም በወገብም በትከሻም ይለዋውጠዋል። ቁመቱ ለጥቃትም ለመከላከልም ምንም አይጨምርም፣ አይቀንስም። ጌሙ በኅዳር 2012 ሲዘጋ ተጫዋቾቹ አብዝተው ካዘኑባቸው ነገሮች አንዱ በገዛ እጃቸው የሠሯቸውን ጀግኖች ማጣት ነበር። ከ2019 ጀምሮ አድናቂዎች ራሳቸው በሰርቨር መልሰው ከፈቱት፤ በ2024ም ከባለ መብቱ ኩባንያ ፈቃድ አገኙ።

ቁመት ሳይቆጠር እንዲታይ ማድረግ የሚቻለው ጌም ሁለት አካል ስላለው ነው። አንደኛው ተጫዋቹ የሚያየው፣ ፀጉርና ልብስ ያለው ምስል ነው። ሁለተኛው ኮምፒውተሩ ብቻ የሚያውቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ በእንክብል ቅርጽ የሚሠራ የማይታይ አካል ነው። ከግድግዳ ጋር የሚጋጨው፣ በበር የሚያልፈው፣ በሰይፍ ወይም በቀስት የሚመታው ይህ ሁለተኛው ነው። ጌም ሠሪው ምስሉን እያሳደገና እያሳነሰ እንክብሉን ባለበት ካቆየው ግዙፉም ድንኩም በሕግ ፊት እኩል ይሆናሉ። ዋጋው የሚከፈለው በዓይን ነው። የረጅሙ ሰው ራስ ከበሩ ጉበን ጋር ይቀላቀላል፣ ትከሻው በድንጋይ ውስጥ ያልፋል። እንክብሉም ከምስሉ ጋር አብሮ ካደገ ዓለሙ እውነተኛ ይሆናል፤ ግን አጭርነት በፍልሚያ ላይ ድብቅ ጥቅም ይሆናል፣ ማሸነፍ የሚፈልግ ሁሉ ድንክ ይፈጥራል።

ፋይናል ፋንታሲ 14 ይህን እንዴት እንደፈታው ማየት ነገሩን በግልጽ ያሳያል። በ2010 ወጥቶ ስላልተሳካ በ2013 እንደገና የተሠራው ይህ ጌም የእያንዳንዱን ዘር ቁመት በሴንቲ ሜትር ወስኗል። ላላፌል የሚባሉት ድንኮች ከ86.9 እስከ 97 ሴንቲ ሜትር ናቸው። ከሮጋዲን ዘር የባሕር ተኩላ የሚባለው ጎሣ ወንዶች ደግሞ ከ213.5 እስከ 230.4 ሴንቲ ሜትር ይደርሳሉ። የመካከለኛው ሰው ወንድ ከ168 እስከ 182 ነው። እነዚህ ሁሉ አብረው ቆመው አንድ ዘንዶ ሲገጥሙ፣ ዘንዶው እሳት የሚተፋበት ቦታ መሬት ላይ በቀለም ይታያል፤ ኮምፒውተሩም የሚጠይቀው የገጸ ባሕርዩ የቆመበት ነጥብ በቀለሙ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ የሚለውን ብቻ ነው። የሮጋዲኑ ሰፊ ጀርባ በእሳቱ ውስጥ ቢታይም ነጥቡ ውጭ ከሆነ አይቃጠልም። በ2012 የወጣው ጊልድ ዋርስ 2ም በዚሁ መንገድ ሄዷል፤ ሆኖም አንድ ነገር አልተስተካከለም። ካሜራው ከገጸ ባሕርዩ ጀርባ ስለሚከተል፣ ኖርን ወይም ቻር የሚባለውን ግዙፍ ዘር የያዘ ሰው ከገደል ወደ ገደል በሚዘለልባቸው ቦታዎች የገዛ አካሉ እይታውን ይጋርደዋል። ትንሹን አሱራ የያዘ ሰው ግን እግሩ የሚያርፍበትን ድንጋይ አጥርቶ ያያል። በቁጥር እኩል ቢደረጉም በዓይን እኩል አልሆኑም። ይህ ጉድለት ተራ መስሎ ቢታይም፣ ቁመት ከሕግ ቢወጣ እንኳ ከጨዋታው ጨርሶ እንደማይወጣ የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ካሜራ ከተነሳ ሴኮንድ ላይፍን ማለፍ አይገባም። በ2003 የተከፈተው ይህ ዓለም የውጊያ ጌም አይደለም፤ ሰዎች ቤት ይሠራሉ፣ ይገበያያሉ፣ ይጨፍራሉ። ካሜራው ከገጸ ባሕርዩ ጀርባ ከፍ ብሎ ስለሚቆም በእውነተኛው ልክ የተሠራ ክፍል ይጠባል፤ ስለዚህ ነዋሪዎቹ ጣሪያውንም በሩንም አስፍተው ሠሩ። ቤቱ ሲሰፋ ሰዎቹም ለማመጣጠን ቁመታቸውን ጨመሩ፤ ከሁለት ሜትር በላይ መሆን የተለመደ ሆነ። በእውነተኛው የሰው ልክ መግባት የፈለገ አዋቂ ሰው በመካከላቸው ሕፃን ይመስል ነበር።

ቁመት የሚመረጥባትን መስመር ለመሥራት የሚወጣው ድካምም ትንሽ አይደለም። ገጸ ባሕርዩ በውስጡ አጽም አለው፤ የሚራመደው፣ የሚቀመጠው፣ ሰይፍ የሚመዘው አጽሙ ነው። ቁመት ሲጨምር የእግር፣ የአከርካሪና የክንድ አጥንቶች ይረዝማሉ፤ አረማመዱ ግን አስቀድሞ የተሠራው ለመካከለኛ ቁመት ነው። ሁሉም ገጸ ባሕርያት በአንድ ፍጥነት እንዲሄዱ ከተወሰነ የረጅሙ እግር መሬት ላይ የሚንሸራተት ይመስላል፤ አጭሩ ደግሞ ሩጫው ይፈጥናል። ልብስ ሌላ ጣጣ ነው። አንድ የብረት ጥሩር ለቀጭኑም ለወፍራሙም መስማማት አለበት፤ ካልተስማማ ሆድ በብረቱ ውስጥ ያልፋል። በጌሙ ውስጥ ሺህ ልብስ ካለ፣ አንድ አዲስ የሰውነት ዓይነት መጨመር ሺውንም መፈተሽ ማለት ነው። በ2011 የወጣው ስታር ዋርስ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክ ነጻ መስመር በመስጠት ፈንታ ለእያንዳንዱ ጾታ አራት የተወሰኑ አካላትን ያቀረበው ከዚህ ሥራ አንጻር ሲታይ ይገባል። ከሁሉ የሚከብደው ሁለት ሰዎች የሚነካኩበት ቅጽበት ነው። የ90 ሴንቲ ሜትሩ ላላፌል የ230 ሴንቲ ሜትሩን ሮጋዲን ቢያቅፍ ክንዱ የሚደርሰው ጉልበቱ ላይ ነው፤ ስለዚህ በብዙ ጌሞች መተቃቀፍ ሁለቱ ሳይነካኩ አየሩን በማቀፍ ብቻ ያልፋል።

የሰውነት ግዝፈት ምርጫ በየጌሙ ቅርጹ ይለያያል። በ2014 የወጣው ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይን በመስመር ፈንታ ባለ ሦስት ማዕዘን ሰሌዳ ያቀርባል። አንዱ ማዕዘን ጡንቻ፣ አንዱ ቅጥነት፣ አንዱ ውፍረት ነው፤ ተጫዋቹ ነጥቧን በመካከላቸው ያንቀሳቅሳል። ይህ ብልህ አሠራር ነው፤ ጡንቻና ስብ ተለያይተው ስለሚመረጡ ጉልበተኛ ወፍራም ሰው መፍጠርም ይቻላል። በአብዛኞቹ ጌሞች ግን መስመሩ ወደ ውፍረት ሲገፋ ብዙ ሳይሄድ ይቆማል፤ ለሴቶች ደግሞ ከወንዶች ይልቅ ፈጥኖ ይቆማል። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ኩል ቲራን የሚባሉትን ደንዳና ሰዎች ለተጫዋቾች የከፈተው በ2019፣ ጌሙ ከተጀመረ ከአሥራ አራት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ብዙ ሚሊዮን ሰው የሚኖርበት ዓለም ይህን ያህል ዘመን አንድ ወፍራም ሰው መያዝ አለመቻሉ ጉድለት ነው፤ የልብስ ፍተሻው ድካም ምክንያቱን ያስረዳል እንጂ ጉድለቱን አይሽረውም።

ቁመትና ክብደት በሙሉ ድፍረት ሕግ የሆኑበት ጌም ካፕኮም በ2012 ያወጣው ድራጎንስ ዶግማ ነው። ገጸ ባሕርዩ በክብደቱ በአምስት መደብ ይከፈላል፤ ከ50 ኪሎ በታች፣ ከ50 እስከ 69፣ ከ70 እስከ 89፣ ከ90 እስከ 109፣ ከዚያም 110 ኪሎና ከዚያ በላይ። ከባዱ ብዙ ዕቃ ይሸከማል፣ ነፋስም ሆነ ምት በቀላሉ አይጥለውም፤ ግን ከደከመ በኋላ ትንፋሹ ቶሎ አይመለስም። ቀላሉ ቶሎ ይነቃል፣ ጥቂት ከያዘ ግን ይከብደዋል። ረጅሙ እርምጃውም የሰይፉ መድረሻም ረጅም ነው፤ አጭሩ ደግሞ ሌላው በማይገባበት ጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ያልፋል። በጃፓን ብቻ ከ2015 እስከ 2019 የሠራ የኦንላይን ወንድምም ነበረው። በዚህ ጌም ገጸ ባሕርይ የሚፈጥር ሰው ለውበት ብቻ ሳይሆን ነገ ተራራ ላይ ስለሚያጋጥመው ድካም እያሰበ ይፈጥራል። ሰውነት ትርጉም የሚያገኘው እንዲህ ሲሆን ነው። ሰው ከሰው ጋር በማይፎካከርበት ዓለም ይህን መንገድ የሚከተሉ ጌሞች ጥቂት መሆናቸው ያሳዝናል።

በቅርቡ ደግሞ ማይንክራፍት ጉዳዩን ወደ ጫፍ ወስዶታል። በሚያዝያ 2024 በወጣው 1.20.5 በተባለው አፕዴት የሰርቨር ባለቤት የተጫዋቾችን አካል ከአንድ አሥራ ስድስተኛ እስከ 16 እጥፍ መለወጥ ይችላል። የጌሙ ሰው በተለመደው ቁመቱ 1.8 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ሊወርድ፣ ወይም እስከ 28.8 ሜትር ሊያድግ ይችላል። ምስሉ ብቻ አይደለም የሚለወጠው፤ የማይታየው አካልም አብሮ ስለሚለወጥ ትንሹ በጠባብ ስንጥቅ ያልፋል፣ ትልቁ ቤት ውስጥ መግባት ያቅተዋል።

ቁመት በተጫዋቹ በራሱ ላይ የሚያደርሰውን ነገር የሳይንስ ሰዎችም አጥንተውታል። ኒክ ዪና ጄረሚ ቤይለንሰን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉትና በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎች የቪአር መነጽር አድርገው ከሌላ ሰው ጋር በምናባዊ ክፍል ውስጥ ገንዘብ እንዲከፋፈሉ ተደረገ። አንዳንዶቹ ከባልንጀራቸው 10 ሴንቲ ሜትር የረዘመ፣ አንዳንዶቹ 10 ሴንቲ ሜትር ያጠረ፣ ሌሎቹም እኩል አካል ተሰጣቸው። ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ባልንጀራቸው ሁልጊዜ በእኩል ቁመት ነበር የሚያያቸው። ስለዚህ ረጅም ወይም አጭር መሆናቸውን የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው፤ የሌላው ሰው አያያዝ ውጤቱን አላዛባውም። ባልንጀራቸው ለራሱ 75፣ ለእነሱ 25 ሲያቀርብ፣ አጭር አካል የያዙት ያልተመጣጠነውን ድርሻ የተቀበሉት ረጅም ከያዙት በእጥፍ ገደማ ነበር። በ2009 በወጣ ተከታይ ሥራ ደግሞ መነጽሩን አውልቀው ፊት ለፊት ሲደራደሩም ተጽዕኖው ለጊዜው አብሯቸው እንደሚቆይ ታየ። በዚያው ሥራ የወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ገጸ ባሕርያት ሲጠኑ ረጃጅሞቹ ከፍ ወዳለ ደረጃ መድረሳቸው ተገኝቷል፤ ይህኛው ግን ዝምድናን እንጂ ምክንያትን አያሳይም።

በኢትዮጵያ ብዙ ወጣት በሞባይል የሚጫወታቸው የተኩስ ጌሞች ግን ከዚህ ሁሉ ምርጫ ነጻ ናቸው። ፐብጂ ሞባይል ልብስንና ፊትን እንጂ የአካልን ልክ አያስለውጥም። ጥይት ከራስ ላይ መብረሩና ራስን መምታቱ በሴንቲ ሜትር በሚለይበት ውድድር ሁሉም አንድ አካል መያዙ ፍትሕ ነው። ሮብሎክስ በመካከል ቆሟል፤ ገጸ ባሕርይን ከ90 እስከ 105 በመቶ ማስረዘምና ማሳጠር፣ ጎኑንም ከ70 እስከ 100 በመቶ ማጥበብና ማስፋት ይፈቅዳል፤ ከዚያ አያልፍም።

ቁመት በሚያመጣው ልዩነት ላይ ከሰርቨሩ ያለው ርቀትም የራሱ ድርሻ አለው። አሰቦት ላይ ተቀምጦ ሰርቨሩ ጀርመን ፍራንክፈርት ባለ ጌም የሚጫወት ሰው ከማሽኑ 5,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ መረጃው ደርሶ ለመመለስ በቀጥታ መስመር ቢሄድ እንኳ ከ50 ሚሊ ሴኮንድ በላይ ይፈጃል፤ በእውነተኛው መንገድ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ተጫዋቹ የሚያየው ባላጋራው ትንሽ ቀደም ሲል የነበረበትን ቦታ ነው። ባላጋራው ግዙፍ ከሆነ ያነጣጠረው ምት ብዙውን ጊዜ ያገኘዋል፤ ትንሽና ፈጣን ከሆነ ግን ምቱ ባዶ ቦታ ላይ ያርፋል። የማይታየው አካል ከቁመት ጋር በሚለዋወጥበት ጌም፣ የድንክ ጥቅም ከሰርቨሩ ርቆ በተቀመጠ ባላጋራ ላይ ይበልጥ ይከብዳል።

የገጸ ባሕርይ ቁመት ራሱ ግን ለኔትወርክ ሸክም አይደለም። ወደ ሰርቨሩ የሚላከው ምስሉ ሳይሆን የመስመሮቹ ቁጥር ብቻ ነው፤ አካሉን በዚያ ቁጥር መልሶ የሚሠራው የእያንዳንዱ ሰው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ነው። ጫናው የሚወድቀውም እዚያ ነው። በገበያ መሐል ሃምሳ ሰው የየራሱን አካልና ልብስ ይዞ ሲሰበሰብ ሜሞሪው ትንሽ የሆነ ስልክ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መሣል ያቅተዋል። አንዳንድ ጌሞች በዚህን ጊዜ ሩቅ ያሉትን በቀላል ሥዕል ይተካሉ ወይም ጭራሽ ይሰውራሉ፤ ይህን የሚያስተካክለው ምርጫ ብዙውን ጊዜ በግራፊክስ ማስተካከያው ውስጥ ይገኛል።

አንዴ የተወሰነ ቁመት በኋላ መለወጡም በየጌሙ ይለያያል። በፋይናል ፋንታሲ 14 ፋንታዥያ የሚባለውን መድኃኒት የጠጣ ገጸ ባሕርይ ዘሩን፣ ቁመቱንና አካሉን እንደ አዲስ ይመርጣል፤ አንዱ ብልቃጥ የመጀመሪያውን ክፍል ዋና ታሪክ ለጨረሰ በነጻ ይሰጣል፣ ተጨማሪው በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛል። ጊልድ ዋርስ 2 ቁመትን የሚያስለውጥ ዕቃ በጌሙ ሱቅ ይሸጣል፤ ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይንም እንዲሁ። የዘር ቁመት በተወሰነበት በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ግን ቁመቱን በቋሚነት መቀየር የሚፈልግ ሰው ዘሩን ራሱን መቀየር ይኖርበታል።